ፍርሃት የሚያጠፋው መርፌ

በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች እየፈሩ ሥራውን ሲለቁ፣ ከተማው ፍርሃት የሚያጠፋ መርፌ በየወሩ ይሰጣቸው ጀመር። አስፋቸው መወጋት ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ብዙ ሰው ከእሳት አውጥቷል።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቱ ዘነበች ከገበያ ስትመለስ፣ የሁለት ዓመት ልጃቸውን የአራተኛ ፎቁን በረንዳ ብረት ስትወጣ አገኘቻት። አስፋቸው አጠገቧ ቆሞ ልብስ ያሰጣል። ዘነበች ልጅቷን ነጥቃ ወለሉ ላይ ዘጭ አለች።

«አላየሃትም?»

«አይቻታለሁ። ምነው?»

ልጅቷን አቅፋ ከብረቱ ወደ ኋላ ስትሸሽ አየ። ለመደንገጥ ሞከረ፤ አልሆነለትም። በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲመላለስ ቆይቶ ለአለቃው ደወለ።

«ከእንግዲህ መርፌውን አልወጋም።»

«ታዲያ ልትለቅ ነው?»

«አልለቅም። እየፈራሁ እገባለሁ።»

ፍርሃቱ እስኪመለስለት ግን ዘነበች የበረንዳውን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከረመች።