ስምንት መረብ

ከወረዳው የመጣ የዓሣ ሀብት ባለሙያ ሐይቁ ዳር ጠረጴዛ ዘርግቶ ስንት መረብ እንዳለው ሲጠይቀው፣ አሳ አጥማጁ «ስምንት» አለ። ያለው ግን አንድ ብቻ ነበር። እርዳታ መጥቶ በመረብ ብዛት የሚታደል መስሎት ነው።

«ጥሩ» አለ ባለሙያው እየመዘገበ። «ሐይቁ እስኪያገግም ማጥመድ ተከልክሏል። ዓርብ ስምንቱንም ያስረክባሉ፤ እናቃጥላቸውና በምትካቸው የንብ ቀፎ ይወስዳሉ። አንድ ከጎደለ ግን ደብቀዋል ተብለው ይታሰራሉ።»

ቤት ሲደርስ ሚስቱ «አንተ ሰው፣ ሰባቱን ከየት ልትወልዳቸው ነው?» አለችው።

መረብ ሊዋስ ጎረቤቱ ቱፋ ዘንድ ሄደ። ቱፋ ከነሚስቱ፣ ከነልጆቹ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ክር እየቋጠረ አዲስ መረብ ይሠራል።

«ክር ተርፎሃል?» አለው ቀና ሳይል። «እኔ አሥራ አንድ ብዬአለሁ።»