ጭስ የጠገበ ገንፎ

ሴትዮዋ የማሽላውን ገንፎ ከእንግዳው ፊት አስቀመጠች። እንግዳው መኪናው ጀውሃ ላይ ጎማ ፈንድቶበት እስኪጠገን የሚጠብቅ የአዲስ አበባ ሰው ነበር። «እትዬ፣ በየመንገዱ ስፓጌቲ ሰለቸኝ፤ እስቲ የአገሩን ምግብ ያቅምሱኝ» ቢላት፣ ቤቷ ገብቶ የጠየቃትን መንገደኛ የለም ብሎ መመለስ ሞት ሆነባት።

ባሏ ከውጭ ሲገባ የገንፎው ሽታ ደረሰውና ቀና ብሎ ከጓዳው ምድጃ በላይ ያለውን ማገር አየ። ነቀዝ እንዳይደፍረው ጭስ ላይ ተሰቅሎ የከረመው የዘር ማሽላ የለም፤ ገመዱ ባዶውን ተንጠልጥሏል። በዚያ በስልሳ አምስቱ ድርቅ፣ ልጆቹ በረሃብ ሲያለቅሱ እንኳ ያልነኩት ዘር ነበር።

«ምን አደረግሽ?» አላት በሹክሹክታ።

«እንግዳ ጠየቀኝ» አለች።

እንግዳው አንዴ ጎርሶ ፊቱን አጨማደደና ሳህኑን ገፋ አደረገው። «አይቀየሙኝ፣ እትዬ፤ ጭስ ጭስ አለኝ።» የመኪናው ጥሩምባ ሲጮህም ተነስቶ ወጣ።

ባሏ እጁን ሳይታጠብ ተቀመጠና ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ።

«ልጆቹን ጥሪያቸው» አላት፤ «ሳይቀዘቅዝ የከርሞውን አዝመራ እንብላ።»