በእርሳስ የተጻፈው ገጽ

«ጋሼ፣ ይሄ ገጽ ባዶ ነው እኮ!» አለች አዲሷ ጸሐፊ፣ የቃለ ጉባኤውን ደብተር ወደ ተሰናባቹ ጸሐፊ እያዞረች።

ሽማግሌው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። የአካባቢው የመዛግብት ባለሙያዎች ማኅበር ፈቃድ የሚታደሰው ሰባቱ መሥራቾች የፈረሙበት ገጽ ሲቀርብ ነው። እስከ ቀትር ካልቀረበ ማኅበሩ ይሰረዛል።

«በእርሳስ ነበር የጻፍነው» አሉ ቀስ ብለው። «ቀለም መዝገብ ላይ ከፈሰሰ አይለቅም፤ መዝገብ ያለበት ክፍል እስክሪብቶ አይገባም ብዬ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ አባላቱን የጨቀጨቁበት ደንብ ነው። ደብተሩን ግን ከስብሰባ ስብሰባ በቦርሳ ይዘው ሲዞሩ፣ ገጽ ከገጽ ተፋትጎ ጽሑፉ ጠፍቷል። የአገር ወረቀት ሲጠብቁ ኖረው የራሳቸውን አስበሉ።

«ጉድ ሆንን!» አሉና አንገታቸውን ደፉ።

አላስቻላትም። የምትሠራበት መዝገብ ቤት ቧንቧው የፈነዳ ዕለት፣ የልደት መዝገቦቹ ውሃ ላይ ሲንሳፈፉ ብቻዋን ቆማ ስታለቅስ የደረሰላት ይህ ማኅበር ነበር። ከአራት ከተማ ስምንት ሰው መጥቶ ገጽ በገጽ አደረቀላት። እኚሁ ሽማግሌ ሱሪያቸውን ሰብስበው ባልዲ ሲያመላልሱ ዋሉ። እንደ አባት ነው የምትወዳቸው።

ብድግ ብላ መጋረጃውን ዘጋች። የጠረጴዛውን መብራት ዝቅ አድርጋ ብርሃኑን ከገጹ ጎን ለቀቀችው።

ወረቀቱ ላይ የእርሳስ ጫፍ የቦረቦራቸው መስመሮች ብቅ አሉ። አንድ ፊርማ፣ ሁለት... ሰባት!

«ውይ ጋሼ! ወረቀቱን አርሳችሁታል እኮ!»

«ተጫኑት፣ ተጫኑት እያልኩ ነው ያስፈረምኳቸው።» ጣታቸው ወረቀቱን ሳይነካ ከፊርማ ፊርማ ሄደ። «ይሄ አብሮ አደጌ ነው፤ ‹ግድግዳ እንቆፍር እንዴ?› እያለ ሲቀልድብኝ ነበር። ከሰባታችን እኔ ብቻ ቀረሁ።»

ፎቶ አንስታ ለፈቃድ ቢሮው ላከች። ቀትር ሊሆን ሩብ ሰዓት ሲቀረው «ደርሶናል፣ ይበቃል» የሚል መልስ መጣ።

ደስ ብሏት ለርክክቡ ፊርማ እስክሪብቶዋን ዘረጋችላቸው። ሽማግሌው እባብ ያዩ ያህል ወደ ኋላ አሉ።

«በይ ይሄን ነገር ከዚህ አውጪልኝ!»

እየሳቀች እርሳስ ሰጠቻቸው። ፈረሙ፤ ከጎናቸው እሷም ፈረመች።

«ተጫኚው እንጂ፣ ልጄ!»

ተጫነችው። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን በጣቷ ዳበሰች፤ ሁለቱም ስሞች ጎን ለጎን አብጠው ይዳሰሳሉ።