ቀናተኛው ባል

እሑድ ከሰዓት አኮርዲዮን ተጫዋቹ በቴያትር ቤቱ መድረክ ላይ ከሚስቱ ጋር ሲጣላ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እሱ ያመሸበትን ምክንያት በዜማ ይደረድራል፤ አኮርዲዮኑ ደግሞ እንደ ሚስት ይነጫነጫል፣ ያኮርፋል፣ ይራገማል፤ በመጨረሻም ሳይወድ በግዱ ይስቃል። ሠላሳ ዓመት ያልተሰለቸ ጨዋታ ነው።

ሲወጣ አንዲት ተመልካች እጁን ጨብጣ አልለቅ አለችው።

"ጋሼ፣ ባለቤትዎ ታድለዋል! ቤታችሁ መቼም ሳቅ አይጠፋበትም።"

"አይጠፋም" አላትና አኮርዲዮኑን በጀርባው አዝሎ ወደ ቤቱ አዘገመ።

ቤት ሲደርስ ሚስቱን ስትጠብቅለት የዋለችውን ጎረቤት አመስግኖ ሸኛት። ሚስቱ አሰለፈች መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። አኮርዲዮኑን አንግቶ ያንኑ ጠብ ከመጀመሪያው ጀመረላት። ለአዳራሹ ሕዝብ ከተጫወተው ይበልጥ ተጠንቅቆ ተጫወተላት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እሱም ደስ ብሎት አጠገቧ ሊቀመጥ ወንበር ሳብ አደረገ።

ሳቋ ቆመ።

"የኔ ወንድም፣ አጫወትከኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ" አለችው። "አሁን ግን ተነሥተህ ሂድ። ባሌ ሊመጣ ነው፤ ቀናተኛ ነው።"

ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ። ከዚያ ወጣና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። አኮርዲዮኑን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ጥቂት ቆየ፤ ኮቱን አስተካከለና አንኳኳ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ፤ ባልሽ።"

"ምነው ዛሬስ ቆየህ?" አለችው ከውስጥ። "አንድ የሚያስቅ ሰው መጥቶ አመለጠህ።"