ሐሙስ የመጣ ጎራዴ

ሐሙስ ሐሙስ ወደ ኩጂራይ ቤት ሰው አይመጣም። ባለቤታቸው ፉሚኤ እህቷን ልትጠይቅ ኦካያማ የምትወርድበት ቀን ነው፤ ኩጂራይ ደግሞ ሚስታቸው በግራ ጎናቸው ተቀምጣ በጆሯቸው ካላንሾካሾከች ጎራዴ አይመረምሩም። የሰይፍ ወዳጆች ማኅበር አባላት «ሽማግሌውን በስተርጅና ፍቅር ያዛቸው» እያሉ ይስቁባቸዋል።

ስለዚህ ያን ዝናባማ ሐሙስ ከደጅ «መምህር አሉ?» የሚል ድምፅ ሲሰማ ኩጂራይ ከተቀመጡበት አልተነሡም።

«ክፍት ነው፤ ግፋው» አሉ።

እንግዳው ማኪሴ እባላለሁ አለ። ገበያ ውስጥ በጨው የተዘፈዘፈ ፍጅል የሚሸጥ ሰው ነው። የራሰ ካልሲው ምንጣፉ ላይ ጩቅ ጩቅ ይላል፤ ልብሱ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል። ሽታው ለኩጂራይ አዲስ አልነበረም። የማኅበሩ ጸሐፊ ኢሶቤ የሚያጨሰው ያንኑ ነው።

ለእንዲህ ያለ እንግዳ ሻይ አይቀዳም። ኩጂራይም አልቀዱለትም።

«ጎራዴ መሰብሰብ ከጀመርኩ ገና ሦስት ወሬ ነው፣ መምህር» አለ ማኪሴ። «አቅሜ የፈቀደውን አንድ ገዛሁ። ደህና ነገር መሆን አለመሆኑን እንዲነግሩኝ ብዬ ነው።»

«ስንት ሰጠህበት?»

«ዘጠና ሺህ የን።»

«በዘጠና ሺህ የን ብስክሌት ይገዛል። ጎራዴ አይገዛም።»

አፋቸው ሳቀ እንጂ ሆዳቸው አልሳቀም። በየመኸሩ በሚደረገው የጎራዴ ምርመራ የዋና ዳኛው ወንበር ለሃያ ሁለት ዓመት የእሳቸው ነበር። በጸደይ ግን ኢሶቤ በስብሰባ መሃል ተነሥቶ «መምህራችን የሚያርፉበት ጊዜ አልደረሰም ወይ?» ብሎ ጠየቀ፤ እሱን የገሠጸው ሰው አልነበረም። ያ ወንበር ከሄደ ከኩጂራይ የሚተርፈው አንድ ጡረተኛ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ብቻ ነው። ይህን ሲያስቡት ምግብ አይወርድላቸውም።

አሁን ደግሞ ይኼ ፍጅል ሻጭ፣ ለዚያውም በሐሙስ፣ ርካሽ ጎራዴ ይዞ ከች ይላል። ኢሶቤ የአያቱን የከበረ ጎራዴ በተራ አፎት ሸፍኖ ልኮት ቢሆንስ? «ቆሻሻ ነው» ብለው ቢፈርዱ ነገ ማኅበሩ በሙሉ መሳለቂያ ያደርጋቸዋል።

«የምዝገባ ወረቀቱን አንብብልኝ» አሉ። «ያልተመዘገበ ጎራዴ ቤትህ ማስቀመጥ ወንጀል መሆኑን መቼም ታውቃለህ።»

«ወረቀት የለውም። ይኼኛው ምዝገባ አያስፈልገውም ብለውኛል።»

«ሌባ ሁሉ የሚለው እንደዚያ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አንተ ግን ወረቀቱን ትተህ ሞኝነቱን ብቻ ይዘህ መጣህ። በል ምዘዘው።»

ማኪሴ መዘዘው። ከአፎቱ ሲወጣ ደረቅ፣ አጭር ድምፅ አሰማ። ኩጂራይ እንደ ልማዳቸው ትንፋሻቸውን ውጠው ፊታቸውን አዘነበሉና ብዙ ቆዩ። ጎራዴን ከዝገት የሚጠብቀው የቅርንፉድ ዘይት ሽታ የለም።

«ዘይት አልቀባኸውም።»

«አያስፈልገውም ብለውኝ ነው።»

«ዓይንህን በጨው አጥበህ እንዲህ ትለኛለህ? እኔ ቤት?»

«ይቅርታ መምህር። ምናልባት በእጅዎ ቢይዙት…»

ኩጂራይ ጎራዴ በእጃቸው ከያዙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። «ኩጂራይ የሚነካው ጎራዴ ገና አልተሠራም» ይባላል፤ እሳቸውም ወሬውን አይጠሉትም። በግራ መዳፋቸው ላይ ስላለው ረጅም ጠባሳ ሲጠየቁ «ዓሣ ስከትፍ ነው» ብለው ያልፉታል።

«የእኔ እጅ ለእንዲህ ያለ ነገር አልተፈጠረም» አሉ።

በልባቸው ግን ነገሩን እያገላበጡት ነበር። ኢሶቤ ክፉ ሰው ነው፤ ቢሆንም የአያቱን ጎራዴ በዚህ በዝናብ ወር ያለ ዘይት ከሚሰድ ራቁቱን ገበያ ቢዞር ይመርጣል። እንግዲያው ይኼ የከበረ ጎራዴ አይደለም። ወጥመዱም ካለ ባዶ ነው። ልባቸው ተመለሰ።

«ስማ፤ ጀማሪ ስለሆንክ በነጻ ላስተምርህ» አሉ ተመቻችተው። «ጎራዴ ሲገዛ መጀመሪያ ቁመናው ይታያል። ያንተው ወገቡን ያመመው ሽማግሌ ነው። ቀጥሎ ገጹ ይታያል። ጥሩ ብረት በደንብ ሲያዩት የተሰነጠቀ ግንድ ላይ እንዳለው ያለ መስመር አለው፤ ያንተው ላይ የመስመር ዘር የለም። ከዚያ ስለቱ፤ ብረቱ ግሎ ውሃ ሲነከር ዳሩ ላይ ነጭ ማዕበል ይቀራል። ያንተው ልጅ በጠመኔ የሞነጫጨረው ነው የሚመስለው።»

«ብረቱስ፣ መምህር?»

«ብረቱ? ለማንኪያም አይሆን። በጦርነቱ ጊዜ ለአሥር አለቃ ተብሎ በፋብሪካ የተመታ ነው። ፍጅልህን እንኳ እንዳትቆርጥበት፤ ፍጅሉ ይታዘብሃል።»

«በደንብ አዩት?»

«እኔ አንዴ ያየሁትን ሁለት ጊዜ አላይም።»

ማኪሴ ግንባሩ ምንጣፉን እስኪነካ ጎንበስ አለ።

«ይቅር ይበሉኝ መምህር። የላከኝ ኢሶቤ ነው።»

የኩጂራይ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

«ገና ስትገባ አውቄያለሁ። ሂድና ንገረው፤ ኩጂራይ እንዲህ ባለ ወጥመድ አይያዝም። ወንበሩንም በሬሳዬ ላይ ካልሆነ አያገኘውም።»

«እነግረዋለሁ» አለ ማኪሴ። እያለቀሰ ነበር። ኩጂራይ ይህንንም ወደዱት።

በሩ ተንሸራተተ። ዝናቡ አውቶቡሷን ያስቀረባት ፉሚኤ ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች ደፉ ላይ ቆመች።

መጀመሪያ ባሏን፣ ቀጥሎ ያቀረቀረውን እንግዳ፣ በመጨረሻም በመካከላቸው ቀዩ ጨርቅ ላይ የተጋደመውን፣ እጀታ የተሰካበትን ያልተቀባ እንጨት አየች።