የበረኪና ባሕር

መስታወቱን ትፈትጋለች። አልጋው አጠገብ፣ ድሮ የባሏ መድኃኒት ይደረደርበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ፣ ከጉዞ ሻንጣ የማይበልጥ የመስታወት ገንዳ አለ፤ ጨው የተበጠበጠበት ውሃ፣ ጥቂት የባሕር ድንጋይ፣ ቀን ከሌት የምታጉረመርም ትንሽ ፓምፕ። ጨርቁ ባለፈበት ብርሃን ይገባል፤ ትንሽ ቆይቶ ቡናማው ብናኝ ተመልሶ ይለጠፋል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው፤ እሷ ግን መውቀጧን አልተወችም።

የሰፈሩ ሰው በረኪና ይላታል። ዕድሜዋን በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል የሰው አንሶላ ስታነጣ የኖረች ሴት ናት። ሰው ቤት በእንግድነት ሄዳ እንኳ የተቀመጠችበትን ወንበር ሳትወለውል አትነሣም። እድፍ አይቶ ማለፍ አልተሰጣትም፤ ጦሷም የመጣው ከዚያው ነው።

ባሏ የመርከብ መካኒክ ነበር። ባሕር ላይ ዕድሜውን ፈጅቶ ባሕሩን በወጉ አላየውም፤ ሥራው ከታች፣ ከሞተሩ ጋር ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ መርከቡ ወደብ ቆሞ ሳለ፣ ነጭ ቀበቶ የታጠቀች ብርቱካናማ ዓሣ ከድንጋይ መሐል ብቅ ብላ ተያዩ። ሲያወራው “አየኋት” አይልም፤ “አየችኝ” ነው የሚለው። ሳምባው ከከዳው ወዲህ የሚመኘው እሷኑ ደግሞ ማየት ነው። ሐኪሙ ደግሞ ሚስቲቱን ወደ ኮሪደሩ ጠራትና የፈለገውን ስጪው አላት። ይህ ቃል መቼ እንደሚባል ታውቃለች።

ባሕሩን ልታመጣለት አትችልም፤ ዓሣዋን ግን ማን ይከለክላታል? ገንዳውን ገዛች። ጨውን በባልዲ ስታማስል ባሏ ከአልጋው ሆኖ ትንሽ ጨምሪበት፣ ባሕሩ አልጣፈጠም እያለ ቀለደባት። ዓሣ ሻጩ ግን መጀመሪያ ውሃው ይብሰል፣ ዓሣ የሚኖርበት እስኪሆን ይቆይ አላት። ቡናማ ነገር ይወጣል፣ ቀጥሎም አረንጓዴ፤ አልጌ ነው፣ አትደንግጪ፣ ውሃው ነፍስ ሲዘራ እንዲያ ያደርገዋል፤ ብትተዪው ራሱ ይጠፋል። ሁሉንም እሺ ብላ ሰማች።

ቡናማው በወጣ ጊዜ ግን እጇ አላስቀምጥ አላት። እሱ አልጌ ይበለው እንጂ እሷ የምታውቀው እድፍ ነው፤ እድፍ ደግሞ በሽተኛ አጠገብ! ድንጋዮቹን አውጥታ በረኪና ውስጥ ዘፈዘፈቻቸው፤ አለቀለቀች፣ ፀሐይ ላይ አሰጣች፣ እንደ አንሶላ አንጥታም መለሰቻቸው። ኮራ ብላ ለሻጩ ደወለችለት። ሰውዬው ውሃውን የሚያበስለው ድንጋዩ ውስጥ የሚኖር በዓይን የማይታይ ነፍስ እንደነበር፣ እሱንም ፈጅታ እንደጨረሰችው፣ ነገሩ ከሀ ተብሎ እንደሚጀመር ቀስ ብሎ አስረዳት። ምን ያህል ይቆያል ብላ ጠየቀችው።

“ትዕግሥት ነው እትዬ፤ የጊዜ ጉዳይ ነው” አላት።

አመስግናው ስልኩን ዘጋች። ቡናማው እንደገና ወጣ፤ በዚህኛው ዙር አልነካችውም፣ ግን የባሏ ትንፋሽ በየቀኑ እያጠረ መጠበቅ አቃታት። ትናንት ሻጩ ዘንድ ሄዳ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ ውሃው በስሏል አለችው። ዓሣዋን በፕላስቲክ ከረጢት ይዛ ስትገባ ባሏ እያንቀላፋ ነበር። መጥታለች፣ ጠዋት በብርሃን ታያታለህ ብላ ጆሮው ሥር ነገረችው፤ ዓይኑን ሳይገልጥ ፈገግ አለ።

ዛሬ ጠዋት ዓሣዋን በጎኗ ተንሳፍፋ አገኘቻት። በመሐረብ ጠቅልላ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተቻት፤ የት እንደምትጥላት ማሰብ አልቻለችም። አፍራለች፣ ፈርታለችም። ከዚያ ጨርቁን አንሥታ መስታወቱን መፈተግ ያዘች፤ እጇ ሌላ ሥራ አያውቅም።

“የታለች?” ይላል ባሏ ከኋላዋ።

ጨርቁ መስታወቱ ላይ ይቆማል። ዘወር ስትል ትራሱ ላይ ቀና ለማለት እየታገለ ነው።

“ከድንጋዩ ጀርባ ናት” ትለዋለች። “ቤቱ አዲስ ሆኖባት ነው መሰል፣ ትደበቃለች።”

“ሙሽራ ናት በያ።”

ሊስቅ ሲል ሳሉ ይቀድመዋል። እስኪያልፍለት ጀርባውን ደግፋ ትጠብቃለች፤ አጥንቱ መዳፏ ላይ አንድ በአንድ ይቆጠራል። መልሳ ስታስተኛው ዓይኗ ወደ ገንዳው ይሄዳል። ግማሹን አጽድታዋለች። የቀረውንም ብትጠርገው ጥቂት ነጫጭ ድንጋዮች ወለል ብለው ይታያሉ፤ ከኋላቸውም ማንም የለም። ሆኖም ልማድ ክፉ ነውና እጇ ጨርቁን ይዞ ይነሣል።

“ተይው፣ በረኪና” ይላታል። “አትጥረጊው።”

በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ጽዳቷን ተይ ብሏት አያውቅም። ቀና ብላ ታየዋለች። እሱ ገንዳውን እያየ አይደለም፤ ሽርጧን ነው የሚያየው። ከኪሷ ሥር እርጥበቱ ወደ ታች ሰፍቶ ወርዷል፤ ዳር ዳሩን የደረቀው ጨው ነጭ መስመር ሠርቶበታል።

ብዙ ያየዋል። ከዚያ ዓይኑን አንሥቶ ወደ መስታወቱ፣ ቡናማው ወዳለበት በኩል ይመልሰዋል።

“እስቲ መልኳን ንገሪኝ።”

አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች፤ መዳፏን ኪሷ ላይ ትጭናለች። ብርቱካናማ ናት ትለዋለች። ነጭ ቀበቶ ታጥቃለች። ክንፏ ጫፍ ጫፉን ጥቁር ጥለት አለው፣ ቀጭን፣ በመርፌ የተዘመዘመ የሚመስል። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ እሷው ናት፣ እሷው ናት ይላል። ባጸዳችው በኩል ቡናማው ቀስ እያለ መስታወቱን ያለብሰዋል። ታየዋለች፤ እጇን ግን አታነሣም።