የጠርዙ ክር

እናት ክሮቹን አንድ በአንድ የብርድ ልብሱ ጠርዝ ላይ እያጋደመች በመስኮቱ ብርሃን አየቻቸው። ግራጫው ክር ግራጫው ጨርቅ ላይ ሲጠፋ ጊዜ እሱን መረጠች። የጠርዝ ስፌት ዓይን ከገባ ምኑን ሙያ ሆነ!

ብርድ ልብሱን የቀጣጠለችው ከሟች ትልቋ ልጇ ቀሚሶች ነው። ትንሿ ልጇ ልትወልድ ቀኗ ደርሷል፤ ሕፃኑ የአክስቱን ልብስ ይልበስ ብላ ነው። ትልቋ ግን በሕይወቷ ቀሚሷን ለእህቷ አውሳ አታውቅም።

ምሳ በልታ ስትመለስ የሰፋችው ሁሉ ተተርትሮ በቀይ ክር ተሰፍቷል። ደሟ ፈላ።

"አንቺ! ማን ንኪ አለሽ?"

"ኧረ እማዬ፣ በዚህ ሆዴ ጫማዬን ማሰር አቅቶኝ የለ!" ትንሿ ሳቀች።

እናት ስፌቱን ጠጋ ብላ አየችው። ወደ ግራ ያጋደለ ነው። በቤቱ ግራኝ የነበረችው ትልቋ ብቻ ናት።

"ጭራሽ የእህትሽን እጅ አስመስለሽ ትቀልጂብኛለሽ? ነይ ተቀመጪ! እጆችሽን ከፊቴ እንዳታነሺ!"

ትንሿ አኩርፋ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። እናት ቀዩን ስፌት ተርትራ፣ የቀዩን ክር ጥቅል በእጆቿ መሀል ቁጭ አድርጋ፣ እንደገና በግራጫው መስፋት ጀመረች። ከጠረጴዛው ሥር የተንጠለጠለው የብርድ ልብሱ ጫፍ ሳብ አለ። ረገብ ብሎ እንደገና ሳብ አለ።

"በእግርሽ አትጎትቺ አልኩ!"

የትንሿ ዓይን ጠረጴዛው ላይ ፈጦ ቀርቷል። ቀዩ ጥቅል ብቻውን ይሽከረከራል፤ ክሩም ቀስ እያለ ወደ ጠረጴዛው ሥር ይወርዳል።